ሳይነበብ የተፈረደበት ዕቅድ

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንም ክፍል ሳይገቡ ቀሩ። የታክሲ ነጂዎቹ ብሶት ለማንም ግልጽ ነበር። የዓለም የነዳጅ ቀውስ አገር ውስጥ ገብቶ የቤንዚን ዋጋ ንሮባቸዋል። መምህራኑ ግን ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር አንድ ጥናት እንዲሰረዝ ይጠይቁ ነበር። ጥናቱ ሴክተር ሪቪው ይባላል። በዚያ ሰሞን ስሙን ያልሰማ ከተሜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰነዱን በእጁ ይዞ ገጹን የገለጠ ግን ከጥቂት ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች አያልፍም።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ተደክሞበት፣ ይህን ያህል በአጀማመሩ የተሸነፈ ዕቅድ ማግኘት ይከብዳል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለ1966ቱ አብዮት እንደ አንድ ሰበብ ተቆጥሮ ነው። ነገር ግን በራሱ መንገድ መነገር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ስለ አንድ ትልቅ ለውጥ ዕቅድ ጽፎ ሥራ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ገላጭ ምሳሌ በአገሪቱ መዝገብ ውስጥ ብዙ የለም።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና የተከፈቱት ከባዶ በሚባል ሁኔታ ነበር። አስተማሪው በጦርነቱ አልቋል፤ መጽሐፉም ሕንፃውም ጠፍቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉዳዩ የሰጡት ክብደት እጅግ ከፍ ያለ ስለነበር የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ራሳቸው ይዘውት ቆይተዋል። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ተሠራ። ሆኖም ግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ አስተናጋጇን አገር የሚያሳፍር ነገር ወጣ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1980 በአህጉሩ ያለ ሕፃን ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ግብ አስቀመጠ። አገሮቹ ያሉበት ደረጃ ሲነጻጸር ደግሞ ኢትዮጵያ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘች። ገና ከቅኝ ግዛት የወጡ ወይም በመውጣት ላይ ያሉ አገሮች በልጠዋት ነበር።

ከዐሥር ዓመት በኋላም ክፍተቱ አልተሞላም። በ1963 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ የነበሩት የመንግሥት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 1,300 ያህል፣ መምህራኑ 13,000፣ ተማሪዎቹ ደግሞ 600,000 ገደማ ነበሩ። የሕዝቡ ቁጥር ከ25 ሚሊዮን እንደሚበልጥ በሚገመትበት አገር ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ያም ቢሆን የተከማቸው በአዲስ አበባ፣ በኤርትራና በሸዋ ነበር። በገጠር ተወልዶ ትምህርት ቤት ደጃፍ መድረስ የዕድል ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ዕድል ቀንቶት የገባውም ቢሆን በየመንገዱ በር ይዘጋበታል። ትምህርቱ ስድስት፣ ሁለት እና አራት ዓመት ተብሎ የተከፈለ ነበርና በስድስተኛ ክፍል ፈተና አለ፣ በስምንተኛ ሚኒስትሪ አለ፣ በዐሥራ ሁለተኛ ማትሪክ አለ። በእያንዳንዱ በር ላይ ብዙ ወጣት ይወድቃል። የወደቀው ወጣት የተማረው ለቀጣዩ ክፍል የሚያዘጋጅ ትምህርት እንጂ እጁ ላይ የሚቀር ሙያ አልነበረም፤ ወደ አባቱ እርሻ ለመመለስ ልቡ አይፈቅድም፣ ቢሮም አይቀጥረውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አጥ የሆነ የተማረ ወጣት በከተሞች መብዛቱ መንግሥትን አሳስቦት ነበር።

ጥናቱ የተወጠነው ይህን ለመፍታት ነው። ሥራው በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተጀመረ። የትምህርት ሚኒስቴር ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ የዓለም ባንክም ደግፎት፣ ሥራው ለ14 የጥናት ቡድኖች ተከፋፈለ። ቡድኖቹ ኢትዮጵያውያን ምሁራንን፣ የመንግሥት ሹማምንትንና የውጭ አገር ባለሙያዎችን ያቀፉ ነበሩ። ገንዘቡን፣ የመምህራኑን ሥልጠና፣ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ትምህርት ሁሉ መረመሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ሰነዱ ተጠናቀቀ። ለእንዲህ ያለ ሰፊ ጉዳይ አንድ ዓመት እንኳ አልፈጀም፤ ዛሬ ያሉ ብዙ የጥናት ኮሚቴዎችን የሚያስቀና ፍጥነት ነው።

ይዘቱም ቀላል የሚባል አልነበረም። ጥናቱ ድፍረት ነበረው። ያለው አሠራር ባለው ወጪ ከቀጠለ የአገሪቱ ልጆች ሁሉ ትምህርት የሚያገኙበት ቀን እንደማይታይ በሒሳብ አሳየ። ትምህርቱ በፈተናና በቀጣይ ክፍል ላይ ብቻ ማተኮሩን፣ በመንገድ ለሚቀረው ልጅ ደንታ ማጣቱን ሳይሸፋፍን ተቸ። አማራጮችን ከነወጪያቸው አስቀመጠ። የመረጠው መንገድም ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፤ ዕድሜው ላለፈበት ወጣትና ለጎልማሳ ደግሞ የተለየ አጭር ትምህርት ይዘጋጅ፤ ትምህርቱ ከገጠር ኑሮ፣ ከእርሻ፣ ከጤና ጋር ይያያዝ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሁሉም ልጅ ይህን መሠረት ያግኝ። እያንዳንዱ እርከን በራሱ የተሟላ እንዲሆንና ለአብዛኛው ተማሪ የመጨረሻው እንዲሆን ታሰበ።

የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለሚኒስቴሩ ባለሙያ ይህ የቁጥር ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ ለሁሉም እንዲዳረስ ከላይ ያለው መጥበብ አለበት። ለገበሬው ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። አንድ ልጁን ከእረኝነት ነጥሎ፣ ከዘመድ ቤት አስጠግቶ የሚያስተምር አባት የሚጠብቀው ልጁ ደመወዝተኛ እንዲሆንለት ነው። የዚያን ዘመን የድሃ ቤተሰብ ከድህነት ሊወጣ የሚችልበት ብቸኛ ሰፊ መንገድ ያ ነበር። አሁን መንገዱ በአራተኛ ክፍል ይዘጋል ተብሎ ሲነገረው፣ የባለሥልጣን ልጅ ግን በግል ትምህርት ቤትም ሆነ በውጭ አገር እንደሚቀጥል ያውቃል።

መምህሩም የራሱ ስሌት ነበረው። ብዙ ልጅ በጥቂት ገንዘብ ለማስተማር የክፍሉ ተማሪ ይበዛል፤ አነስተኛ ሥልጠና ያለው፣ አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለው መምህርም ይቀጠራል። ለዓመታት ስለ ደመወዝና ስለ እድገት ሲጮህ ለኖረ ሙያ ይህ በቁስል ላይ ጨው ነበር። ተማሪው ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ሰልፍ ወዲህ መንግሥት የሚያወጣውን ወረቀት ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ሆኗል። ስለዚህ የለውጡን ወጪ የሚሸከሙት ሦስቱ ወገኖች ማለትም ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ነበሩ። መምህራኑ ካነሷቸው ዋና ቅሬታዎች አንዱም ሙያቸውን ከሥር የሚለውጥ ሰነድ ሲዘጋጅ ሳይማከሩ መቅረታቸው ነው።

ይህ ጉድለት ገና ሊታረም ይችል ነበር። ሰነዱ በ1964 ክረምት እንዳለቀ በአማርኛ ተጠቃሎ በአዲስ ዘመን ቢታተም፣ በሬዲዮ ቢነበብ፣ በየአውራጃው መምህራን ተሰብስበው ቢከራከሩበት ኖሮ ቢያንስ ክርክሩ በተጻፈው ላይ ይሆን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጥናቱ እስከ የካቲት 1966 ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ለሕዝብ ሳይወጣ ቀረ።

በዚያ አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወሬው ሰነዱን ቀደመው። የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተወሰነ ተባለ፤ የመምህራን ደመወዝ ሊቀነስ ነው ተባለ፤ ነገሩ ሁሉ የባዕዳን ሤራ ነው ተባለ። ከወሬው ከፊሉ የተጋነነ፣ ከፊሉ ግን ሰነዱ ውስጥ ሥር ያለው ነበር፤ ሰው ሁለቱን የሚለይበት ጽሑፍ በእጁ አልነበረም። መንግሥት ዝም ባለ ቁጥር ዝምታው ራሱ እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረ።

ጊዜው ደግሞ ዝምታ የሚታመንበት አልነበረም። በእነዚያው ወራት ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር፤ መንግሥትም ጉዳዩን ሸፍኖ ይዞት ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ የአገሬው ሰው መንግሥቱ ምን ያህል ሊደብቅ እንደሚችል አየ። እንዲህ ያለውን ረሃብ የደበቀ መንግሥት ስለ ልጆቹ ትምህርት የጻፈውን ለምን ደበቀ ብሎ መጠየቅ ለማንም ሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የመምህራኑንና የወላጆቹን ቁጣ ካለማወቅ የመጣ አድርጎ ማቅረብ ፍትሕ አይሆንም። ያላነበቡት እንዲያነቡት ስላልተሰጣቸው ነው።

ሰነዱ በመጨረሻ ሲወጣ ጥር 4 ቀን የነገሌ ወታደሮች አምፀው ነበር፤ የኑሮ ውድነቱ ከፍቷል፤ ቤንዚኑም ጨምሯል። መምህራኑ አድማ መቱ፣ ተማሪዎች ወደ መንገድ ወጡ፣ ድንጋይና ጥይት ተገናኙ። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ አደረገ፤ ሴክተር ሪቪውንም አዘገየው። ግን ዘግይቶ ነበር። ከአድማው ዐሥር ቀን ያህል በኋላ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

ሥርዓቱን የጣለው ይህ ጥናት ነው ማለት ስህተት ይሆናል። መሬቱ፣ ረሃቡ፣ ሠራዊቱ፣ ዋጋው ሁሉም የየድርሻቸውን አበርክተዋል። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ከተማሪው ራቅ ብሎ የቆየውን ወላጅና ደመወዝተኛ መምህር ከተማሪው ጎን ያሰለፈው ሴክተር ሪቪው ነው። ለለውጥ የተጻፈ ዕቅድ ተቃዋሚዎቹን በአንድ ጥላ ሥር አሰባሰበላቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሐሳቡ ከንቱ አለመሆኑ ነው። ትምህርቱ ወደ ገጠር ይሂድ፣ ጎልማሳውም ይማር፣ ሙያ ይያያዝበት የሚለው ከደርግም አጀንዳ አልወጣም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ60,000 የሚበልጡ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ዘመቻው ግን በመሬት ጉዳይና በፖለቲካ ንትርክ ተወጠረ፤ ብዙ ዘማቾች ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ጣቢያቸውን ጥለው ወጡ። ፊደል ማስቆጠሩ ከብዙዎቹ ሥራዎች አንዱ ብቻ ስለነበር ወደ ኋላ ቀረ።

ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አጀማመሩ የተለየ ነበር። ይህንም ዘመቻ ከዘመኑ መነጠል አይቻልም። የቀይ ሽብር ደም ገና አልደረቀም፣ ቀበሌና ገበሬ ማኅበር በግድ ያስመዘገቡት ሰው ጥቂት አልነበረም፣ መንግሥት የሚያወጣቸው ውጤቶችም ለፕሮፓጋንዳ የተመቹ ነበሩ። ነገር ግን ዕቅዱን እንደ ዕቅድ ሲያዩት የሚያስገርም ግልጽነት አለው። ማን ያስተምራል? ማን ይማራል? በየትኛው ቋንቋ? በየትኛው ወር? መጽሐፉ ከየት ይመጣል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነበራቸው፤ መልሱንም የሚያውቀው ሚኒስትሩ ብቻ አልነበረም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ ጠመኔ የያዘው ዘማችም፣ ደብተር የያዙት እናትም ያውቁት ነበር።

አንድ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሥራው በዙር ተከፈለ። የመጀመሪያው ዙር ከከተሞች ተነሣ፣ ቀጣዮቹ ወደ ገጠር ሰፉ። ሁሉን ቦታ በአንድ ጊዜ አለመንካቱ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ በአንዱ ዙር የታየው ጉድለት በሚቀጥለው ሊታረም ይችል ነበርና። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀምሮ በኋላ ወደ 15 ቋንቋዎች አደገ፤ እነዚህ ቋንቋዎች ከሕዝቡ 93 በመቶ ያህሉን ይሸፍኑ ነበር። ሴክተር ሪቪው በወረቀት ላይ ሊደርስበት የፈለገውን ገበሬ ይህኛው በራሱ አፍ አናገረው። ለጀማሪዎች ከ22 ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ ታተመ፤ ማንበብ ለጀመሩት ደግሞ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቀላል ቴክኖሎጂ ከ9 ሚሊዮን የሚበልጥ ቅጂ ተሰራጨ። ፊደል የቆጠረ ሰው መልሶ እንዳይረሳ ክትትል ትምህርት ተዘጋጀ፤ ጋዜጦችም ለአዳዲስ አንባቢዎች ዓምድ ከፈቱ።

በይፋዊው አኃዝ መሠረት እስከ 12ኛው ዙር ድረስ 17 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቦ 12 ሚሊዮኑ ፈተናውን አልፏል፤ ከተመዘገቡት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በአስተማሪነትና በአስተባባሪነት ተሰልፏል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ለዘመቻው ሽልማት ሰጥቷል። አኃዙ ተቀንሶ ቢታይ እንኳ፣ ብዙዎች ከዓመታት በኋላ ያገኙትን ዕውቀት በእርስ በርስ ጦርነቱና በንባብ ጽሑፍ እጦት መልሰው ቢያጡትም፣ ፊርማውን በጣት አሻራ ያኖር የነበረ ትውልድ ስሙን መጻፍ መቻሉን በየቤቱ ያየ ሰው አይክደውም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንዱ መንግሥት ከሌላው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። የ1964ቱ ሰነድ በጥናት ጥልቀቱ የበለጠ ነው፤ የ1971ዱ በኃይልም ጭምር የተገፋ ነው። ልዩነቱ ያለው ዕቅዱ በማን እጅ ገባ በሚለው ላይ ነው። ሴክተር ሪቪው ለወሳኞች የተጻፈ ነበርና ወሳኞች ጋ ቆየ። የመሠረተ ትምህርቱ ዕቅድ ግን ሠሪው ካላወቀው የሚሠራ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመጡትም ዕቅዶች በዚህ ሚዛን ቢለኩ ብዙ ይታያል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሕፃናትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር አገራዊ መመሪያ አደረገ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ በጥድፊያ መጣ፣ በቂ ውይይት አልተደረገበትም የሚለው ወቀሳ ግን ለዓመታት ተከትሎታል። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ከክልሎችና ከለጋሾች ጋር በየዓመቱ የሚደረግ የጋራ ግምገማ ነበረው፤ ቁጥሩ ከታሰበው ሲያንስ ወይም ሲበልጥ ዕቅዱ ይስተካከል ነበር። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ባለው ሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪው ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ ከ18 ሚሊዮን አለፈ። የጥራቱ ጥያቄ ግን ያለ መልስ አብሮ አደገ፤ ያም የሆነው ዕቅዱ የሚቆጥረው በዋናነት የገባውን ልጅ እንጂ የተማረውን ስላልነበረ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የትምህርት ሚኒስቴር የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታውን ረቂቅ ይዞ ለውይይት ወጣ። ረቂቁ ተበተነ፣ መምህራንና ምሁራን ተከራከሩበት፣ ስለ ቋንቋው የተነሣው ሙግትም የጦፈ ነበር። አንዳንዱ ሹም ክርክሩን እንደ እንቅፋት አይቶት ይሆናል። ለሴክተር ሪቪው የጎደለው ግን ይኸው ነበር፦ ወረቀቱ ገና ረቂቅ ሳለ፣ ሐሳብ ለመለወጥ ገና ጊዜ ሳለ የሚደረግ ጠብ። ፍኖተ ካርታው ካመጣቸው ለውጦች አንዱ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት የሆነው የክፍል አደረጃጀት ነው፤ በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው ሊያፈርሰው የፈለገው ያው የንጉሡ ዘመን አደረጃጀት ተመልሷል።

ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የለውጥ ዕቅድ ይጻፋል፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለከተማ፣ ለእርሻ። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ የ1964ቱም ቅን ነበሩ። ስለዚህ ዕቅድ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ሸክሙ የሚያርፍባቸውን ሰዎች ስም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ፤ ረቂቁንም ከማጽደቃችሁ በፊት በሚናገሩት ቋንቋ አትማችሁ ስጧቸው። የትምህርት ሚኒስቴር ይህን ለማድረግ አንድ ዓመት ተኩል ነበረው፤ አልተጠቀመበትም።